የአሮጌ ሞተር ሳይክል ጥያቄና መልስ፦ መጀመሪያ ካንዴላውን እዩ

ሞተር ሳይክል መንዳት ከጀመርኩ አርባ ዓመት አልፎኛል፤ አሁን የምኖረው ሱሉልታ ነው። ስለ አሮጌ ሞተር የቸገራችሁን ጠይቁኝ። አንድ ልመና ብቻ አለኝ፦ በእሳት ብልጭታ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ አውጥታችሁ ቀለሙን ሳታዩ አትምጡ።

ከቡራዩ፦ ጋሼ፣ ሞተሬ አልነሳ አለኝ። ምን ላድርግ?

የትኛው ሞተር? ቤንዚን ይደርሰዋል? ካንዴላው እሳት ይሰጣል? ይህን አጣርተህ ተመለስ።

ከለገጣፎ፦ ያማሃ ዲቲ 125 አለኝ። ወደ አዳማ ስወርድ ይበራል፤ እንጦጦን ስወጣ ግን ይታፈናል፣ ቤንዚንም ይጨርሳል። መካኒኩ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡሬተር በአዲስ እንድቀይር መከረኝ።

እባክህ እንዳትቀይረው! ካርቡሬተሩ ጤነኛ ነው፤ የጎደለው አየር ነው። አዳማ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሱሉልታ ከ2,700 በላይ። እዚህ እኛ ዘንድ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር አንድ አራተኛ ያህል ይሳሳል። አሮጌ ካርቡሬተር ይህን አያውቅም፤ ቤንዚኑን እንደ ቆላው ይለቃል። አየር ያነሰው ቤንዚን በደንብ ስለማይቃጠል ካንዴላው በደረቅ ጥላሸት ይሸፈናል።

የካርቡሬተሩን ታችኛ ጽዋ ፍታ። መካከሉ ላይ ከስንዴ ፍሬ ብዙም የማትበልጥ፣ ቀዳዳዋ እንደ መርፌ ጫፍ የቀጠነ የነሐስ ቡሎን ታገኛለህ፤ ጎኗ ላይ ቁጥር ተቀርጿል። ዋናውን ቤንዚን የምትመጥነው እርሷ ናት። አንድ ወይም ሁለት ቁጥር ዝቅ ያለች ፈልግና ቀይር። ከዚያ ረጅም ዳገት ውጣ፤ ፍሪሲዮን ይዘህ እዚያው ሞተሩን አጥፋ፤ ካንዴላውን አውጣ። የተቆላ ቡና መልክ ካየህ ተሳክቶልሃል።

የድሮዋን ቡሎን ግን እንዳትጥላት። በክብሪት ቀፎ አድርገህ ከመቀመጫው ሥር አስቀምጣት፤ ቆላ ስትወርድ መልሰህ ትገጥማታለህ። እኔ ይህን ዘንግቼ በደጋዋ ቡሎን ወደ አዋሽ ወረድኩ። መተሐራ ሳልደርስ ሞተሩ እየነዳሁት ደረቀ፤ የኋላው ጎማ ተቆልፎ አስፋልቱን ላጨው። ካንዴላውን ሳወጣው እንደ ጠመኔ ነጥቶ ነበር፤ ፒስቶኑም ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቋል። ደጋ ላይ የቤንዚን መብዛት ኪስ ይጎዳል፤ ቆላ ላይ የቤንዚን ማነስ ሰው ይጥላል።

ከሰበታ፦ የ1980ዎቹ ሆንዳ ስንት ያወጣል?

ዋጋ አልገምትም። ከመግዛትህ በፊት የሊብሬውንና የሻንሲውን ቁጥር አስተያይ።

ከገላን፦ እነዚህ እንደ ዲቲ ያሉ፣ ዘይት ከቤንዚን ጋር የሚያቃጥሉ ባለ ሁለት ምት ሞተሮች ግን በጭሳቸው መንደር ይበክላሉ። ቢቀሩ ምን አለበት?

ከሆለታ፦ ወንድሜ፣ ገጠሩን ያዳረሱት እነርሱ ናቸው። የአንተ አዲስ ሞተር በክረምት የሆለታን ጭቃ ይወጣል?

ከገላን፦ የእኔማ ሆንዳ ሲጂ 125 ነው፤ አዲስ ያለህ ማን ነው?

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፤ ክርክሩን እዚህ አቁሙልኝ። ሲጂ 125 በአውሮፓውያን 1976 የወጣው ጥገና እንደ ልብ በማይገኝባቸው አገሮች እንዲሠራ ታስቦ ነው፤ ቫልቮቹን በዘንግ ስለሚገፋ ከላይ የሚላላ ሰንሰለት የለበትም። ጭሱን በተመለከተ፣ ባለ ሁለት ምት ዘይት ስለሚያቃጥል ጥቂት ያጨሳል። መንደር የሚሸፍን ጭስ ከወጣው ግን ዘይቱ በግምት ተጨምሯል፣ ወይም ፓምፑ አልተስተካከለም። ዘይት በግምት አታፍስሱ!

ከዱከም፦ አዲስ አበባ ይዤ ብገባ ያስቀጡኛል?

በአዲስ አበባ የሞተር ሳይክል እንቅስቃሴ ላይ የተጣለው ገደብ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ የመጣ ነው። የዛሬውን አሠራር ከትራንስፖርት ቢሮ ጠይቅ።

ከሰንዳፋ፦ የእኔም አልነሳ ብሏል፤ ምን ይሻለኛል?

ለቡራዩው የመለስኩትን አንብብ። ካንዴላውን አይተሃል? ሳታይ አትጠይቀኝ ብያለሁ።

ከጫንጮ፦ ጋሼ፣ አባቴ የግብርና ባለሙያ ነበር። ያማሃ ኤጂ 100 ትቶልን አርፏል፤ አሥራ ሁለት ዓመት ጎተራ ውስጥ ቆሟል። የማስነሻ መርገጫው አልንቀሳቀስ ሲል ወንድሜ በኃይል ሊረግጠው ነው።

እህቴ፣ ነፍሱን ይማር። ወንድምሽን አሁኑኑ አስቁሚው! ያ ሞተር ለእርሻ የተሠራ ነው። በግራም በቀኝም መቆሚያ ያለው ተዳፋት ላይ እንዳይወድቅ ነው፤ ሰንሰለቱ በሙሉ በሽፋን ውስጥ የሚሮጠው ጭቃ እንዳይበላው ነው። የውስጡ ብረት ደህና ሊሆን ይችላል፤ በኃይል ከተረገጠ ግን የዛገው የፒስቶን ቀለበት ሲሊንደሩን ይቧጥጠዋል።

ካንዴላውን አውጪና በቀዳዳው ሁለት ማንኪያ የሞተር ዘይት አፍስሺ። ሁለት ሌሊት ይደር። በሦስተኛው ቀን መርገጫውን በእግር ሳይሆን በእጅ ቀስ እያልሽ ጫኚው። እሺ ካላለ ዘይት ጨምረሽ ጠብቂ። የነዳጅ ጋኑን አራግፊ፤ የቆየው ቤንዚን ወደ ሙጫ ተለውጦ ይሆናል። የዘይት ፓምፑ አየር ስቦ እንደሆነ ስለማይታወቅ፣ ለመጀመሪያው ጊዜ በአንድ ሊትር ቤንዚን ውስጥ 20 ሚሊ ሊትር የባለ ሁለት ምት ዘይት ቀላቅለን ነው የምናስነሳው። እናንተ ብቻችሁን አታስነሱት። ጫንጮ ከእኔ ቅርብ ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት ዘይቱን ይዤ እመጣለሁ። ያወጣሽውን ካንዴላ ሳትጠርጊ በወረቀት ጠቅልለሽ አቆዪልኝ።