«ኪቦርድ ከሌለው ማን ይሰማዋል?»

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን አሉ? ያደግኩት ጎጃም ውስጥ፣ እርሻ ላይ ነው። ክራር እጫወታለሁ። የአጨዳና የውቂያ ዘፈኖቻችንን በክራር ብቻ ልቀዳቸው አስቤ ነበር። ጓደኞቼ ግን «ኪቦርድ ከሌለው ማን ይሰማዋል?» ይሉኛል። ሰሞኑን አንድ ልጅ የማሊውን አሊ ፋርካ ቱሬን «ኒያፉንኬ» የሚለውን አልበም አሰማኝ። ማሲንቆ የሚመስል ነገር አለው። ብሉዝ ነው ይሉታል። እውነት ብሉዝ ነው? ለምንስ እንዲህ ሳሳ?
ከደብረ ማርቆስ

መልስ፦ ወንድሜ፣ የምወደውን አልበም ነው ያነሳህብኝ።

ቱሬ ሥራው ሲጠየቅ «ገበሬ ነኝ» ይል ነበር፤ እውነቱንም ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ከአሜሪካዊው ጊታሪስት ራይ ኩደር ጋር ያወጣው አልበም ግራሚ ተሸለመ። ከዚያ በኋላ ዓለምን መዞር ይችል ነበር። እሱ ግን ኒጀር ወንዝ ዳር ወዳለችው ከተማው ወደ ኒያፉንኬ፣ ወደ ማሳውና ወደ መስኖው ተመለሰ። ስለዚህ ስቱዲዮው ወደ እሱ መጣ። አዘጋጆቹ መቅጃቸውን ጭነው ሄዱ፤ መብራቱ ከጄኔሬተር፣ ክፍሉ ደግሞ ሰው የተወው የጡብ ቤት። ቀረጻውም የእርሻውን ሥራ እየጠበቀ ነበር የሚካሄደው። አልበሙ በ1999 ወጣ። ሳሳ ያልከው ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። ጊታር፣ ቅል እየመቱ የሚያወጡት ምት፣ የሚቀበሉት የአገሩ ሰዎች፣ በቃ። ለእኔ ምንም አልጎደለውም። ማሲንቆ የመሰለህ ንጃርካ ነው፤ አንድ አውታር አለው፣ ገላው ግን ከቅል ነው የሚሠራው።

ብሉዝ ነው ወይ? ቱሬ ራሱ ይህ ስም ብዙም አይመቸውም ነበር። በወጣትነቱ በማሊ ዋና ከተማ ባማኮ ውስጥ የአሜሪካዊውን የብሉዝ ዘፋኝ የጆን ሊ ሁከርን ሸክላ ሲሰማ የቱዋሬጎች፣ የእነዚያ የሰሃራ በረሃ ዘላኖች ዘፈን መስሎት ነበር። ሥሩና ግንዱ እዚህ አፍሪካ ነው፣ አሜሪካ ያለው ቅርንጫፉ ነው ብሎ ያምን ነበር። ሁከርም የሚሲሲፒ የእኩል አራሽ ልጅ ነው። ሁለቱም ከአፈር ሥራ ነው የመጡት፤ አንድ ጊታር፣ አንድ ድምፅ ለሁለቱም ይበቃል። እኔ ብሉዝ ብዬ ስጠራው ምንም አይከብደኝም።

አሁን ወዳንተ። ኪቦርዱን ተወው። ክራርህን በጆሮህ ቃኝተህ የምታገኛትን ድምፅ ኪቦርድ ላይ አታገኛትም፤ ጎን ለጎን ሲሄዱ ክራሩ የተበላሸ ይመስላል፣ ጥፋቱ ግን የክራሩ አይደለም። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የውቂያ ዘፈን አውጪና ተቀባይ አለው። በሬ እያበራዩ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። አንተ ክፍል ውስጥ ብቻህን ከቀዳኸው ግማሹን ትተኸዋል። በቱሬ አልበም ውስጥም እነዚያን ተቀባዮች ብታወጣቸው ነገሩ ይፈርሳል።

ስለዚህ ጥር ላይ ወደ አገርህ ሂድ። ደቦ የወጡትን ሰዎች መጀመሪያ አስፈቅድ፤ ከአልበሙ የምታገኘው ካለም ድርሻቸውን አስብላቸው። አውድማው ላይ ነፋስ ስለሚያስቸግር መቅጃውን ከክምሩ ጀርባ፣ ከነፋሱ ከለል አድርገህ አስቀምጠው። በሬዎቹን የሚነዳው ሰው «ሆ!» ሲል ከተሰማ አታጥፋው። ክራርህን ከሥራው በኋላ፣ ማታ ቤት ውስጥ ቅዳው፤ እዚያም ቢሆን ከተቀባዮቹ ሁለት ሦስቱ አጠገብህ ይቀመጡ።