እናቴን ቀሚሷን አስቀየርኳት

ውድ የአምዱ አዘጋጅ፦

ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ብዕር ካነሣሁ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። በጀመርኩት ቁጥር ጥፋቴን የማለዝብ ስለመሰለኝ እየቀደድኩ ጣልኩት። አሁን ግን የሆነውን እንደሆነ ልንገርዎ።

የሠላሳ አራት ዓመት ሴት ነኝ፤ ሙያዬ ሕግ ነው። አባታችን በልጅነታችን ስላረፈ እኔንና ታናሽ እኅቴን ያሳደገችን እናታችን ብቻዋን ናት። ከሃያ ዓመት በላይ በአንድ የልብስ ማጠቢያ ቤት ተቀጥራ የሰው ልብስ ስታጥብና ስትተኩስ ኖራለች፤ የተማርነውም በዚያ ደመወዝ ነው። ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ ስይዝ የገባሁበት ዓለም ካደግኩበት ቤት በብዙ ነገር የተለየ ነበር፤ ከልዩነቱ ሁሉ ቀድሞ ዐይኔ ውስጥ የገባው ደግሞ የሴቶቹ አለባበስ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ቀይ ሸሚዝ ለብሼ፣ አንገቴ ላይ የሚያብረቀርቅ ጌጥ አድርጌ ስገባ አንዲት ባልደረባዬ «ዛሬ ግብዣ አለሽ እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። ክፋት አልነበረባትም። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ከጥቁር፣ ከግራጫና ከነጭ በቀር ሌላ ቀለም ለብሼ አላውቅም፤ እያደርም ከልቤ ወደድኩት።

ባለፈው ወር እጮኛዬና እኔ ሁለቱን ቤተሰቦች በአንድ ማዕድ አስተዋወቅን። የእጮኛዬ ቤተሰቦች ከቅድመ አያት ጀምሮ ኑሯቸው የተደላደለ ነው፤ እናቱም ጌጥ የማያበዙ፣ ልብሳቸው ጭምት ሆኖ ስፌቱ ልክክ ያለ ሴት ናቸው። እናቴ ደግሞ ለዚያ ምሽት ብላ ስንት ወር ስታጠራቅም ቆይታ ሐምራዊ የሳቲን ቀሚስ ገዝታ ነበር፤ ከትከሻው እስከ ደረቱ ጥቃቅን ፈርጥ የተረጨበት፣ ወገቡ ላይ ወርቃማ ቀበቶ ያለው። ከቤቷ ልወስዳት ስሄድ በሩን ከፍታ፣ ዞር ዞር እያለች አሳየችኝ። እኔም «እማዬ፣ ይሄ ለዛሬ አይሆንም፤ ሰው ምን ይላል?» አልኳት። እንዲያውም አስቀድሜ አስቤበት ስለነበር መኪናዬ ውስጥ የራሴን ግራጫ ቀሚስ ይዤ ነበር የሄድኩት። ምንም አልተከራከረችኝም። «እሺ ልጄ፣ አንቺ ታውቂያለሽ» ብላ ወደ ውስጥ ገባች፤ ቀሚሱን አውልቃ በመስቀያው ላይ ሰቀለችና የእኔን ለብሳ ወጣች። ክንዷ ላይ ስለጠበባት ምሽቱን ሙሉ እጆቿን ከጎኗ ሳታነሣ ተቀምጣ አመሸች። በየፎቶግራፉ ላይ የምትታየው እንደዚያ ሆና ነው። በማግስቱ የእጮኛዬ እናት «እናትሽ እንዴት ያሉ ዝምተኛ ናቸው» አሉኝ። እናቴ ዝምተኛ አይደለችም። ባለችበት ቦታ ሁሉ ጨዋታና ሳቅ የማይጠፋ ሴት ናት።

ሠርጋችን ከሁለት ወር በኋላ ነው። ባለፈው እሑድ እናቴ ደውላ «ምን ልልበስ? እንዳላሳፍርሽ አንቺው ምረጪልኝ» ስትለኝ ስልኩን እንደያዝኩ ቃል ጠፋኝ። እኅቴ «በእኛ ማፈር ከጀመርሽ ቆየሽ» ትለኛለች። እጮኛዬ «የፈለጉትን ይልበሱ፣ ምን ችግር አለው?» ይላል፤ ለእሱ ቀላል ነው። እኔ ግን እውነቱን ልናገርና ቀሚሱ ዛሬም ያስጠላኛል። ስለምወዳት ብቻ ያምራል ብዬ መዋሸት አልችልም። እሷንም የማያስከፋ፣ እኔንም የማያሳቅቅ መሀል ላይ ያለ ልብስ ልምረጥላት? ወይስ ዝም ልበል? አለባበስን በማወቅና ባለማወቅ መካከልስ በእርግጥ ልዩነት የለም ማለት ነው?

ግራ የገባኝ ልጅ


ውድ ጠያቂዬ፦

መልሱን ላስቀድምና ምክንያቱን ላስከትል። ለእናትዎ ልብስ አይምረጡላቸው፤ መሀል ላይ ያለውንም ቢሆን። «አንቺው ምረጪልኝ» ያሉት ምርጫ ጠፍቷቸው እንዳልሆነ እርስዎም ያውቁታል፤ ባያውቁት ኖሮ ስልኩን እንደያዙ ቃል ባልጠፋዎት ነበር። በመኪናዎ ይዘውት የሄዱት ግራጫ ቀሚስ፣ የእሳቸው ምርጫ ገና ሳይታይ እንደተፈረደበት ነግሯቸዋል። በዚህ አጥፍተዋል። ይህን በለስላሳ ቃል ብሸፋፍነው ሦስት ሳምንት ሙሉ እየቀደዱ የጻፉትን ደብዳቤ ያቃለልኩብዎ ይመስለኛል።

ቀሚሱን አለመውደድዎ ግን ጥፋት አይደለም። ዐይን የለመደውን ይወዳል፤ የእርስዎ ዐይን ይህን መቼ እንደለመደም ራስዎ ጽፈውልኛል። አንዲት ባልደረባ አንድ ጥያቄ ጠየቀችዎ። ከዚያ ቀን በፊት ቀይ ሸሚዝዎ ያምር ነበር፤ ከዚያ ቀን በኋላ ማማሩ ቀረ። ሸሚዙ ያው ነው፤ የተለወጠው እርስዎ የሚፈሩት ተመልካች ነው። «በማወቅና ባለማወቅ መካከል ልዩነት የለም ወይ?» ላሉኝ፣ ልዩነትስ አለ፤ ጨርቅን ከጨርቅ፣ ስፌትን ከስፌት መለየት በእርግጥ ዕውቀት ነው። ቀለም ይድመቅ ወይስ ይደብዝዝ፣ ደረት ላይ ፈርጥ ይኑር ወይስ አይኑር የሚለው ግን በየት ቤት እንዳደጉና ከማን ጋር እንደዋሉ የሚወሰን ነገር ነው።

የቀሚሱ ቀለም ሐምራዊ መሆኑን ሳነብ ንባቤን አቋርጬ ትንሽ ቆየሁ፤ እንደ ሐምራዊ ከሰው ደረጃ ጋር የተቆራኘ ቀለም ያለ አይመስለኝምና። በጥንቱ ዓለም እጅግ ውድ የነበረው ሐምራዊ የሚወጣው ከባሕር ቀንድ አውጣ ነበር። ፓውል ፍሪድሌንደር የተባለ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1909 ቀለሙን ሊመረምር 12,000 ቀንድ አውጣ ፈጅቶ ያገኘው 1.4 ግራም ብቻ ነው፤ እንዲህ ያለውን ቀለም ማን ሊለብሰው ይችል እንደነበር መገመት አያዳግትም። ሮም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ215 በጦርነት ተጨንቃ ሳለች ሴቶች ወርቅ እንዳያበዙና በሐምራዊ ያጌጠ ልብስ እንዳይለብሱ በሕግ ከለከለች። ጦርነቱ አልፎ ሕጉ ግን ስለቆየ፣ ከሃያ ዓመት በኋላ በ195 ሴቶቹ አደባባይ ወጥተው ይሻርልን አሉ። ታሪክ ጸሐፊው ሊቪ እንደሚተርከው፣ ሉሺየስ ቫሌሪየስ የተባለ የሕዝብ ወኪል ስለእነርሱ ሲሟገት፣ ሴቶች ሹመትም ክህነትም የድል ምልክትም እንደማያገኙ፣ ማዕረጋቸው ጌጣቸውና ልብሳቸው እንደሆነ ተናገረ፤ ሕጉም ተሻረ።

ይህን ክርክር ሳስብ እናትዎ ይታዩኛል። ሃያ ዓመት የሰው ልብስ ተኩሰው ሁለት ሴት ልጆችን ላስተማሩ እናት ሽልማት የሰጠ፣ ስማቸውንም ግድግዳ ላይ የጻፈ የለም። የልጃቸውን ወግ ማዕረግ ሊያዩ የተነሡበት ምሽት የራሳቸውም የማዕረግ ምሽት ነበር፤ ለዚያ ነው ወራት ያጠራቀሙት።

ድምቀት «የማያውቁ ሰዎች» ምልክት የሆነው እንዴት ነው? በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1363 የወጣ ሕግ የእጅ ባለሙያ ሚስትና ሴት ልጅ የሐር መከናነቢያ እንዳታደርግ ይከለክል ነበር፤ ያማረው ነገር የበላዮቹ እንዲሆን ሕግ ያስፈልግ ነበርና። እ.ኤ.አ. በ1856 ግን የአሥራ ስምንት ዓመቱ ዊልያም ፐርኪን ከከሰል ሬንጅ የወባ መድኃኒት ለመሥራት ሲሞክር ሳያስበው ሐምራዊ ቀለም አገኘ፤ እሱን ተከትለውም ደማቅ ቀለማት በፋብሪካ እየተመረቱ በብዙ ሰው እጅ ገቡ። ጀርመናዊው የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ጌዮርግ ዚመል እ.ኤ.አ. በ1904 ስለ ፋሽን በጻፈው ጽሑፍ፣ ዝቅ ያለው መደብ ከፍ ያለውን መደብ አለባበስ መከተል ሲጀምር ከፍ ያለው ያንን ትቶ ወደ ሌላ እንደሚሄድ አስረድቷል። በእኔ አስተያየት በድምቀቱ ላይ የደረሰውም ይኸው ነው፤ ማንም ሊለብሰው ሲችል መለያ መሆኑ ቀረና ጭምትነት በቦታው ገባ።

ጭምቱ ልብስም ቢሆን ዝም አይልም። የእጮኛዎ እናት ስፌታቸው «ልክክ ያለ» መሆኑን ጽፈዋል። እንደዚያ የሚሆነው በሰውነታቸው ልክ ተለክቶ፣ ተሞክሮ፣ እንደገና ተስተካክሎ ሲሰፋ ነው፤ ይህ ደግሞ ከፈርጡ ሁሉ የበለጠ ገንዘብ የሚጠይቅ ነው። አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ምሁር ቶርስታይን ቬብለን እ.ኤ.አ. በ1899 ልብስ ሀብትን ለማሳየት የተመቸ መሆኑን ሲያብራራ፣ ሁልጊዜ በላያችን ስላለና ላየን ሁሉ በአንድ እይታ አቅማችንን ስለሚናገር ነው ብሏል። ግራጫውም ልታይ ልታይ ይላል፤ የሚታየው ግን ማንበቡን ለተማሩ ሰዎች ብቻ ነው። ይህን የምለው ሴትዮዋን ለመንቀፍ አይደለም፤ እሳቸውም እንዳደጉበት ለብሰው ነው የመጡት። ኑሮው የተደላደለ ሰው ጉልበቱ የተቀደደ ሱሪ ለብሶ ግብዣ ቢገባ ማንም ቸግሮት ነው አይልም። አጥቶ ያደገ ሰው ግን ያንን አይደፍረውም፤ ለክብር ቀን አዲስ፣ ደማቅና የተተኮሰ የሚለብሰው የጠሩትን ሰዎች አክብሮ መምጣቱን እንዲያዩለት ነው።

ፈረንሳዊው የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ፒዬር ቡርድዩ 1,217 ሰዎችን አስጠይቆ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመው ጥናት፣ ከተፈጥሯችን የወጣ የሚመስለን ምርጫ ከአስተዳደጋችንና ከትምህርታችን ጋር ምን ያህል እንደተሳሰረ አሳይቷል። ይህን የጻፈው ሰው በገጠር መንደር ያደገ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ልጅ ነበር። እርስዎም እንደ እሱ ሁለቱን ቤት ያውቃሉ። እጮኛዎ «ምን ችግር አለው?» ሲል ለእሱ ቀላል መሆኑን ያዩትም ለዚህ ነው፤ እናቱን በልብሳቸው ዝቅ አድርጎ ያየበት ሰው ኖሮ አያውቅም። በእኅትዎ ቃል ግን አልስማማም። በሥራ ቦታዎ ግራጫ መልበስዎ ክህደት አይደለም፤ ሴትን ከሥራዋ በፊት በልብሷ በሚመዝን ቦታ ራስዎን ጠብቀው ለመሥራት የተማሩት ነገር ነው። ያንን ፍርሃት ወደ እናትዎ ቤት ይዘው መግባትዎ ነው የጎዳዎት።

ከሁሉ የበለጠ ያሳሰበኝን ልጨምር። ከሃያ ዓመት በላይ የባለጸጎችን ልብስ ሲተኩሱ የኖሩ ሴት ግራጫውን አያውቁትም ብለው ያስባሉ? ሱፉን ከጥጡ፣ ሐሩን ከሳቲኑ በጣታቸው ጫፍ የሚለዩት፣ ገበሩን ገልብጠው ጠርዙ በእጅ ይሰፋ በመኪና የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ያ ሁሉ ጭምት ልብስ በእጃቸው አልፏል። ለራሳቸው የመምረጥ ተራ ሲደርሳቸው ሐምራዊውን መረጡ።

አሁን ምን ያድርጉ? በስልክ አይጨርሱት፤ ቤታቸው ይሂዱ። አዲስ ቀሚስ ይዘው አይሂዱ፣ ሌላ ፍርድ ይሆንባቸዋልና። «እንደፈለግሽ ልበሺ» ማለትም አይበቃም፤ ተስፋ ቆርጬብሻለሁ ያሏቸው ይመስላቸዋል። «ያን ምሽት ያፈርኩት ለራሴ ፈርቼ ነው፤ ቀሚስሽን ማስወለቄ ጥፋት ነበር» ይበሏቸው፤ ከዚህ አያርዝሙት። ምናልባት «ምንም አይደለም» ብለው ሊያልፉት ይሞክራሉ። እርስዎ አይለፉት፤ ቁም ሳጥኑን ከፍተው ቀሚሱን ያውጡና እንዴት እንደመረጡት ይጠይቋቸው። የቱን ከየቱ እንዳወዳደሩ፣ ፈርጡ በሙጫ የተለጠፈ ይሁን የተሰፋ ሲያዩ እንዴት እንደለዩ ይንገሩዎት። ያምራል ማለት አይጠበቅብዎትም። «አንቺ ትወጂዋለሽ ወይ?» ብለው በግልጽ ከጠየቁዎት «የእኔ ዐይን ሌላ ለምዷል፤ ሠርጌ ላይ የማየው ግን አንቺን በመረጥሽው ልብስ ነው» ቢሏቸው ውሸት የለበትም። ሐምራዊውን ዳግመኛ መልበስ ከከበዳቸው፣ ሌላ ሊገዙ ሲወጡ አብረዋቸው ይሂዱ፤ ክንዱ ላይ ይጠብ እንደሆነ ሲጠይቁዎት ብቻ ይናገሩ።

ለእጮኛዎ እናትም አንድ ቃል አለብዎት። እናትዎ ዝምተኛ እንዳልሆኑ፣ ያን ምሽት ዝም ያሰኛቸው እርስዎ የሰጧቸው ቀሚስ እንደሆነ ከሠርጉ በፊት ይንገሯቸው። መናገሩ ያስፈራል፤ ግን ከሁለት ወር በኋላ ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፣ የእጮኛዎ እናትም ማን አጠገባቸው እንደተቀመጠ ማወቅ ይገባቸዋል።

የሠርጉ ዕለት ጠዋት ደግሞ ቀሚሱን ማን ይተኩሰው የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። እርስዎ ይተኩሱላቸው። ሳቲን ተገልብጦ፣ በላዩ ስስ ጨርቅ ጣል ተደርጎበት፣ ካውያው እምብዛም ሳይግል ነው የሚተኮሰው፤ ፈርጡ ያለበት ቦታ ላይ ካውያው ፈጽሞ ማረፍ የለበትም። የቀረውን እናትዎ አጠገብዎ ቆመው ያሳዩዎታል።