የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ሱቄ ያለበት ፕላዛ ዞኑ ሊቀየር ነው፤ ምን ይሻለኛል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ እንጀራ፣ ቅመማ ቅመምና ቡና የምሸጥበት ትንሽ ሱቅ አለኝ። ቤቱ የኪራይ ነው። ሰሞኑን ፓርኪንጉ ጫፍ ላይ የዞን ለውጥ ማመልከቻ ቀርቧል የሚል ማስታወቂያ ተተከለ። «ሲአርቲኤፍ 1.75፣ ሲ 0.25፣ አር 1.5፣ ኤች 70» የሚል ነገር አለው፤ ምኑም አልገባኝም። አከራዬን ብጠይቀው «ገና ነው፣ አታስቢ» ብሎ አለፈኝ። ደንበኞቼ ደግሞ «ፕላኒንግ ቦርዱ ካጸደቀ ሁላችሁም ትነሳላችሁ፣ ካሳ ጠይቂ» ይሉኛል። እውነት ነው? ቦርዱ ፊት ቀርቤስ ልናገር?
ግራ የገባት ባለሱቅ

መልስ፦ እህቴ፣ አንቺ ልበልሽና ከካሳው ልጀምር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው። አዲስ አበባ «የልማት ተነሺ» ሲባል መሬቱ የመንግሥት ነው፣ የሚያስነሳውም መንግሥት ነው፤ ካሳና ምትክ ቦታ የሚባል ነገር የመጣውም ከዚያ ነው (በሰዓቱ ይሰጣል አይሰጥም የሚለውን ለሌላ ቀን እናቆየው)። እዚህ ግን ዞን ማለት በአንድ ቦታ ላይ ምን ዓይነትና ምን ያህል ግንባታ እንደሚፈቀድ የሚወስን ምደባ ነው፤ ይለወጥልኝ የሚል ማመልከቻ የሚያስገባውም ባለንብረቱ ራሱ ወይም ከእሱ ጋር የተዋዋለ አልሚ ነው። ካውንቲው (የአካባቢው መንግሥት) ቦታውን አይወስድም። «እዚህ ላይ ይህን ያህል መሥራት ትችላለህ» ብሎ ይፈቅዳል ወይም ይከለክላል፣ በቃ። ስለዚህ ዞኑ ስለተቀየረ ብቻ ካውንቲው ለተከራይ የሚከፍለው ካሳ የለም። ዞኑ ተቀየረ ማለት ደግሞ በማግስቱ ዶዘር ይገባል ማለት አይደለም፤ በሕግ ከፍተሽ የምትሠሪው ሱቅ ሕንፃው እስካለ ድረስ ሥራውን ይቀጥላል። አንቺን የሚያስወጣሽ ወይም የሚያቆይሽ የኪራይ ውልሽ (ሊዝሽ) ነው።

እሱን ዛሬውኑ አውጥተሽ አንብቢ። የምትፈልጊው አከራዩ ሕንፃውን ለማፍረስ ወይም መልሶ ለመገንባት ሲፈልግ ውሉን ማቋረጥ ይችላል የሚል አንቀጽ አለ ወይ የሚለውን ነው። ካለ በስንት ቀን ማስታወቂያ? ለማደሻና ለመዛወሪያ የሚከፍለው ነገር ተጽፏል? የማራዘም መብት ካለሽስ እስከ መቼ በጽሑፍ ማሳወቅ አለብሽ? ይቺን የመጨረሻዋን ስንቱ ወገናችን በቃል ተማምኖ ቀኗን አሳልፎ ተቀምጧል። ውልሽ አልቆ በየወሩ እየከፈልሽ ከሆነ የምትኖሪው፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ እጅሽ ላይ ብዙ ነገር የለም፤ አሁኑኑ አዲስ ውል ለመነጋገር ሞክሪ። የንግድ ሊዝ የሚያውቅ ጠበቃ አማክሪ። የግሪን ካርድሽን ጉዳይ የጨረሰልሽ ጠበቃ ጎበዝ ሊሆን ይችላል፣ ይሄ ግን የእሱ ሙያ አይደለም።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ። ሲአርቲ የሚባለው ንግድና መኖሪያን የሚያቀላቅል ዞን ነው። 1.75 ጠቅላላ መሥራት የሚቻለው የወለል ስፋት ከመሬቱ ስፋት አንጻር ነው፤ ሲ ለንግድ፣ አር ለመኖሪያ፣ ኤች ደግሞ ቁመት በጫማ። መሬቱ 2 ኤከር፣ ማለትም 87,120 ካሬ ጫማ ነው እንበል። ለመኖሪያ እስከ 130,680 ካሬ ጫማ፣ ለንግድ እስከ 21,780 ካሬ ጫማ መሥራት ይቻላል ማለት ነው። «እስከ» የምትለዋን አትለፊያት። ሲ 0.25 ከፍተኛው ገደብ እንጂ ዝቅተኛው አይደለም፤ አልሚው ከዚያ ያነሰ ንግድ ሠርቶ፣ ያንንም አንድ ጂም አድርጎት ሊጨርስ ይችላል። ማስታወቂያው ላይ ንግድ የሚል ቁጥር ስላየሽ ለትንሽ ሱቅ ቦታ ተይዟል ብለሽ እንዳትዘናጊ።

ቦርዱ ጋ መቅረብ ትርጉም የሚኖረውም እዚህ ላይ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለበት የሞንትጎመሪ ካውንቲ ፕላኒንግ ቦርድ (የመሬት አጠቃቀምና የግንባታ ዕቅዶችን የሚያየው አካል) 5 አባላት አሉት፣ አብዛኛውን ጊዜ ሐሙስ ነው የሚሰበሰበው። እንዲህ ባለው የአንድ ቦታ የዞን ለውጥ ላይ ግን የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ቦርዱ አይደለም፤ ሐሳብ ነው የሚያቀርበው። ከዚያ ጉዳዩ ወደ መርማሪ ዳኛ (ሂሪንግ ኤግዛሚነር) ይሄዳል፣ እዚያ ምስክር በመሐላ ይሰማል፣ ማስረጃ ይያዛል፣ በመጨረሻ የካውንቲው ካውንስል ይወስናል። በሁለቱም ቦታ ተናገሪ። ቦርዱ ፊት ግለሰብ ብዙውን ጊዜ 3 ደቂቃ ነው የሚሰጠው፤ አስቀድሞ መመዝገብ ያስፈልጋል፣ አስተርጓሚ ከፈለግሽም ቀደም ብለሽ ጠይቂ። 3 ደቂቃዋን «ስንት ዓመት ለፋሁበት» በማለት አትጨርሻት። ከእንዲህ ዓይነት ማመልከቻ ጋር የሚቀርበው ፕላን ላይ አልሚውን የሚያስሩ ሁኔታዎች በጽሑፍ ይሰፍራሉ። ምድር ቤቱ ለትንንሽ ሱቆች እንዲሆን፣ ግንባታው በየተራ ተከፍሎ ነባር ነጋዴ የሚቆይበት ጊዜ እንዲኖር፣ እነዚህ እዚያ እንዲገቡ ጠይቂ። ሁሉም ይገባል አልልሽም። በቃል ቃል ከመገባት ግን እጅግ ይሻላል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ይሄ የእኔ አስተያየት ነው። አከራይሽ የሚፈራው ሰው የሞላበት ስብሰባ ላይ ተከራዮቹ ተሰልፈው ሲነሱበት ነው። ስለዚህ ከጎረቤቶችሽ ጋር (ከፀጉር ቤቱም፣ ከልብስ አጣቢውም) ተነጋግራችሁ ከስብሰባው በፊት አንድ ላይ ሄዳችሁ አናግሩት። ከውሳኔው በኋላ እንዲህ ለስላሳ አይሆንም።

ጥያቄ፦ እኔ ደግሞ በሌላ በኩል ነኝ። እዚያው ካውንቲ፣ ከአንድ የገበያ ቦታ ጀርባ ቤት ገዝቼ እኖራለሁ። እዚያ ላይ አፓርትመንት ሊሠሩ የዞን ለውጥ ጠይቀዋል። ሠፈሩ ፊርማ እያሰባሰበ ነው። ብዙ ሰው ከተቃወመ ይቀራል አይደል? ለካውንስል አባላችንም ልደውል አስቤያለሁ።
ባለ ጓሮው

መልስ፦ ወንድሜ፣ አይቀርም፤ ምርጫ አይደለም እኮ። እንዲህ ያለው ውሳኔ ከፍርድ ቤት ሥራ ጋር የሚቀራረብ ስለሆነ የሚቆጠረው ማስረጃ ነው። ለዚያም ነው ለካውንስል አባሉ መደወል የማይሠራው፤ የካውንስል አባላቱ ጉዳዩ በሂደት ላይ እያለ በይፋ ከሚያዘው መዝገብ ውጭ ስለ እሱ ከማንም ጋር ማውራት አይችሉም፣ ቢሮው ራሱ ይመልስሃል። ሐሳብህ ለመርማሪ ዳኛው ቀርቦ መዝገብ ውስጥ ይግባ።

ሜሪላንድ ውስጥ የቆየ ሕግ አለ፦ የአንድን ቦታ ዞን ለብቻው ለመቀየር አካባቢው እንደተለወጠ ወይም ቀድሞ ሲመደብ ስህተት እንደነበረ ማሳየት ያስፈልጋል። ግን አትደሰት፣ «ተንሳፋፊ» ለሚባሉት፣ ካርታው ላይ አስቀድመው ሳይቀመጡ ባለንብረት ሲያመለክት ለሚሰጡት ዞኖች (ከላይ የእህታችን ሲአርቲኤፍ ላይ ያለችው ኤፍ እሷ ናት) ይሄ አይጠየቅም። እዚያ የሚታየው ከአካባቢው ማስተር ፕላን (ካውንቲው ለአካባቢው ካወጣው የረጅም ጊዜ የልማት ዕቅድ) ጋር ይሄዳል ወይ፣ ከጎረቤት ቤቶች ጋርስ ይስማማል ወይ ነው። ስለዚህ ማስተር ፕላኑን አንብብ። በተለይ ፐርፕል ላይን በሚባለው የቀላል ባቡር መስመር ዳር ከሆንክ ፕላኑ መኖሪያ ቤት ይጨመር ሳይል አይቀርም፤ እንደዚያ ከሆነ «ጭራሽ አይሠራ» የሚል ክርክር የትም አይደርስም። «ወደ እኛ አጥር በኩል ዝቅ ይበል፣ የጭነት መኪና መግቢያው በዋናው መንገድ ይሁን፣ ዛፎቹ ይቆዩ» የሚለው ግን ይሰማል። ፊርማውን አስገቡት፣ አይጎዳም። ከሱ ጋር ግን ከጓሮህ የተነሳ ፎቶና ከአጥርህ እስከ ሕንፃው ያለውን ርቀት ይዘህ ሂድ።