ባንኮክ ውስጥ ጣፋጩን ተከተሉ፣ ምግቡ እዚያው አጠገቡ አለ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። በመጋቢት አጋማሽ ከባለቤትሽ ጋር ለዘጠኝ ቀን ባንኮክ ትሄዳላችሁ። የምታርፉት ፕራቱናም ነው። አንቺ ሁዳዴን ትጾሚያለሽ፣ እሱ አይጾምም። አሳማ ግን ሁለታችሁም አትነኩም። እሱ ጣፋጭ ካየ አያልፍም። «ከሆቴል ቁርስና ከሀበሻ ምግብ ቤት ሌላ ምን እንሞክር? ወይስ በሶዬን ልያዝ?» ነው ያልሽው።

በሶውን ያዢ፣ ክፋት የለውም። ልብስ ለማምጣት ስድስት ጊዜ ባንኮክ ተመላልሻለሁ፤ ሁለቱ ጾም ላይ ነው የዋለው። በመጀመሪያው ጉዞ ሆቴል ክፍሌ ውስጥ በፕላስቲክ ኩባያ በሶ እየበጠበጥኩ፣ ዳቦ ቆሎ እየቆረጠምኩ ነው የሰነበትኩት። ታች መንገዱ ላይ ከተማው ሁሉ ይበላል፤ እኔ አራተኛ ፎቅ ላይ በሶ። ዛሬ ሳስበው ያናድደኛል።

የፈራሁት በምክንያት ነው። በሁለተኛው ቀን አንድ የመንገድ ዳር ቤት ገብቼ በእንግሊዝኛ «አትክልት ብቻ» አልኩ። ሴትየዋ ፈገግ ብላ ራሷን ነቀነቀች። ፎሶሊያ በሩዝ መጣልኝ። ሦስት ማንኪያ ከዋጥኩ በኋላ ፎሶሊያው መሃል የተፈጨ ሥጋ አየሁ። «ሙ» ነበር። ሙ ማለት አሳማ ነው። ሴትየዋ ልታታልለኝ ፈልጋ አይመስለኝም። ለእሷ ያ ሳህን የአትክልት ወጥ ነው፤ ያቺ ቁንጥር ሥጋ ማጣፈጫ ናት። ከዚያ በኋላ እስክመለስ ድረስ በሶ ሆነ።

ስለዚህ መጀመሪያ ሦስት ቃል ልስጥሽ። «ማይ ጊን ሙ» አሳማ አልበላም ማለት ነው። «ማይ ፔት» አያቃጥል። ሦስተኛው «ጄ» ነው፤ ለአንቺ ትልቁ እሱ ነው። ጄ በቻይና ተወላጆች በኩል የመጣ የጾም አበላል ነው። ሥጋ የለም፣ ዓሣ የለም፣ እንቁላልና ወተት የለም። እንዲያውም ከእኛ ይብሳል፤ ቀይና ነጭ ሽንኩርትም አይገባበትም። ምልክቱ ቢጫ ላይ በቀይ የተጻፈ፣ ከሩቅ 17 ቁጥር የሚመስል ጽሑፍ ነው። በዓመት አንዴ፣ በመስከረምና በጥቅምት መካከል፣ ለ9 ቀን ሕዝቡ በብዛት ይጾመዋል፤ ያን ጊዜ ከተማው በቢጫ ባንዲራ ይሞላል። ግን በሌላውም ጊዜ የጄ ቤቶች አሉ። በየማዕዘኑ ያለው ሰቨን ኢለቨን ሱቅ ውስጥም የታሸጉ ነገሮች ላይ ምልክቱን ታገኚዋለሽ። «ቬጀቴሪያን ነኝ» ካልሽ ናም ፕላ የሚሉት የዓሣ ፈሳሽ ሊገባበት ይችላል። በጾም ዓሣ የምትበዪ ከሆነ ግድ የለም። የማትበዪ ከሆነ «ጊን ጄ» በይ። መጨረሻው ላይ አንቺ «ካ» ጨምሪ፣ ባለቤትሽ «ክራፕ» ይበል። የአክብሮት ቃል ናት፤ ፊታቸው ወዲያው ይፈታል።

አሁን ወደ ዘዴዬ። ከሁለተኛው ጉዞ ጀምሮ ምግብ ቤት መፈለግ ትቻለሁ። ቀኑን የማቅደው በጣፋጭ ነው። ጣፋጩ ያለበት ሰፈር ምግቡም አለ። ደግሞም የታይላንድ የድሮ ጣፋጮች ብዙዎቹ ማንም ሳያስብበት የጾም ናቸው። የኮኮናት ወተት፣ የሩዝ ዱቄት፣ የዘንባባ ስኳር፣ ማሾ፣ ሰሊጥ። ቅቤ የለም፣ የላም ወተት የለም። እኛ አገር በጾም ኬክ ቤት ስትገቢ ያቺ ደረቅ የጾም ኬክ ናት የምትጠብቅሽ። እዚያ ግን የሚያስጨንቅሽ ምርጫው ነው።

በመጋቢት መሄድሽ ዕድል ነው፤ የማንጎው ወቅት እየገባ ነው። በፈረንጆቹ ኤፕሪልና ሜይ ይሞላል። ካኦ ኒያኦ ማሙዋንግ ይሉታል፣ ማንጎ በሚጣበቅ ሩዝ። ሩዝ በስኳር ስትሰሚ ፊትሽ እንደሚኮሳተር አውቃለሁ። የእኔም ተኮሳትሮ ነበር። ሩዙ በእንፋሎት ይበስላል። ትኩሱን በኮኮናት ወተት፣ በስኳርና በጨው ይለወሳል። አጠገቡ የተላጠ ማንጎ ይቀመጣል። ከላይ ጨው ጨው የሚል ወፍራም የኮኮናት ወተት ይፈስበታል፣ በመጨረሻም የተጠበሰ ማሾ ይነሰነስበታል፤ ቀጭ ቀጭ ይላል። ምስጢሩ ጨውዋ ናት። ማንጎው ናም ዶክ ማይ የሚባለው ከሆነ ቃጫ የሚባል ነገር የለውም፤ ጥርስሽ መሃል የሚቀር የለም። ዋጋው ብዙ ጊዜ ከ100 እስከ 150 ባት ነው። ቶንግ ሎ ባቡር ጣቢያ ሥር ያለው ሜ ዋሪ በማንጎው ስመ ጥር ነው፤ ይዘሽ ትሄጃለሽ እንጂ መቀመጫ አትጠብቂ። እኔ የምመርጠው ግን አሮጌው ከተማ ውስጥ ታናኦ መንገድ ላይ ያለውን ኮ ፓኒት ነው። ከ1932 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሩዙን ሲሠራ የኖረ ቤት ነው፣ ማንጎው አጃቢ ነው። ሩዙን ብቻውን ቅመሺ፤ ትረጂኛለሽ።

ወደ አሮጌው ከተማ ከፕራቱናም በታክሲ አትሂዱ፣ መንገዱ ይቆልፋችኋል። ሴን ሴፕ የሚባለው ቦይ ላይ የሚሄድ ጀልባ አለ። ውሃው አይሸትም ብዬ አልዋሽሽም። ሲፈጥን ይረጫል፣ ጎን ያለውን ላስቲክ ጎትተሽ ትከለያለሽ። ግን ርካሽ ነው፣ መብራት አይጠብቅም። እኔ ፓን ፋ የሚባለው መጨረሻ ላይ ነበር የምወርደው። ፌርማታው በግንባታ ምክንያት ስለሚቀያየር ሆቴሉን ጠይቂ።

እዚያ አካባቢ ናንግ ለንግ የሚባል ገበያ አለ። በ1900 እ.ኤ.አ. የተከፈተ ነው። ያኔ ገበያ ማለት ጀልባ ላይ ነበር፤ ይህ መሬት ላይ ከቆሙት የመጀመሪያው ነው ይላሉ። የሥራ ቀን፣ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ሂዱ። የአካባቢው ሠራተኞች የሚበሉበት ስለሆነ ለቱሪስት ተብሎ የተወደደ ነገር የለም። ጣፋጩ በትናንሽ ሳህንና በሙዝ ቅጠል ተደርድሮ ታዪዋለሽ። ሉክ ቹፕን ፈልጊ። ማሾ ተፈጭቶ በኮኮናት ወተትና በስኳር ይቦካና የቃሪያ፣ የማንጎ፣ የካሮት ቅርጽ ተሰጥቶት ይቀባል። ጫፉ ላይ እውነተኛ ቅጠል ሁሉ ይሰኩበታል። እኔ የመጀመሪያዋን እንደ ጌጥ ይዣት ዞርኩ፤ መብላት አሳሳኝ። ካኖም ክሮክም አለ። ጉድጓድ ጉድጓድ ባለው የብረት መጥበሻ የሩዝ ሊጥና የኮኮናት ወተት ይጋገራል። ታቹ ይጠበሳል፣ መሃሉ ገና ፈሳሽ ነው። ምላስሽን ያቃጥልሻል፣ ጠብቂ።

አንቺ ግን የምትጠነቀቂው ከቢጫዎቹ ነው። ወርቅ የመሰሉት ክሮችና አበቦች፣ ፎይ ቶንግና ቶንግ ዪፕ፣ የእንቁላል አስኳል ናቸው። ለባለቤትሽ ስጪው። ታሪካቸው ግን ለሁለታችሁም ነው። አስኳል በስኳር መሥራት የፖርቱጋሎች ሙያ ነው። ማሪያ ጉዮማር የምትባል፣ የጃፓንና የፖርቱጋል ደም ያላት ሴት በ17ኛው ክፍለ ዘመን አዩታያ ቤተ መንግሥት ውስጥ አስተማረችው ይባላል። እኔ ይህን ስሰማ ትንሽ ቀናሁ። ለእኛም ፖርቱጋሎች መጥተው ነበር፣ በ1541 እ.ኤ.አ.፤ ግን ጠመንጃ ይዘው ነው የመጡት።

ባለቤትሽ ይህን ከወደደ ወንዙን ተሻግራችሁ ኩዲ ጂን ሂዱ። አዩታያ በ1767 እ.ኤ.አ. ከወደቀች በኋላ የፖርቱጋል ዘር ያላቸው ካቶሊኮች መሬት ተሰጥቷቸው የሰፈሩበት ነው። ሳንታ ክሩዝ ቤተ ክርስቲያን አለ፣ ጠባብ ጠባብ መንገድ አለ። ካኖም ፋራንግ የሚሉትን ትንሽ ኬክ እየጋገሩ የሚሸጡ ጥቂት ቤቶች ዛሬም አሉ። ፋራንግ ማለት የእኛው «ፈረንጅ» ነው፤ ስሙን ስሰማ ሳቄ መጣ። ዱቄት፣ እንቁላል፣ ስኳር፣ በቃ። ቅቤ የለውም። ላዩ ይሰነጠቃል፣ ሻይ ይፈልጋል። ከዘመናዊዎቹ ደግሞ አፍተር ዩ የሚባለውን በየትልቁ የገበያ ማዕከል ታገኙታላችሁ። ወፍራም ዳቦ በቅቤ ተጠብሶ ማር ይፈስበታል። ለሁለት ሰው ይበቃል፤ ግን አንቺ ስለማትበዪ ብቻውን ይታገለዋል።

ያኦዋራት፣ ማለትም የቻይና ሰፈር፣ ማታ ነው የሚኬደው። ሰኞ አትሂዱ። ሰኞ የጽዳት ቀን ስለሆነ ብዙዎቹ የመንገድ ሻጮች አይወጡም። እኔ አንዴ ሰኞ ሄጄ ባዶ አስፋልት አይቼ ተመልሻለሁ። ዋት ማንግኮን በሚባለው የምድር ባቡር ጣቢያ ውረዱ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ከምግቡ ብዙው አሳማ ነው፤ ቢጫውን ምልክት እያየሽ ሂጂ። ለአንቺ የምመክርሽ ቡዋ ሎይ ናም ኪንግ ነው። የሩዝ ሊጥ ድብልብል፣ ውስጡ ጥቁር ሰሊጥ፣ ትኩስ የዝንጅብል ሽሮፕ ውስጥ ይዋኛል። ዝንጅብሉ ሲነካሽ የእናትሽን ጓዳ ያስታውስሻል፣ ጉንፋን የያዘሽ ቀን። ሰሊጡን አንዳንዶች በአሳማ ስብ ስለሚለውሱት «ናም ማን ሙ» አለበት ወይ ብለሽ ጠይቂ። ሌላው ታፕ ቲም ክሮፕ ነው፤ ቀጭ የሚል ሥር በቀይ ተነክሮ፣ በኮኮናት ወተትና በበረዶ። በዚያ ሙቀት መድኃኒት ነው።

ስለ ማቃጠሉ እንዳልረሳ። እኛ ሚጥሚጣ በልተን ያደግን ሰዎች ነን ብለሽ እንዳትኮሪ። እኔ ኮርቼ ነበር። ሶም ታም፣ ጥሬ የፓፓያ ሰላጣ፣ የሚሠራው በሙቀጫ ነው፤ ሴትየዋ በዘነዘና ስትወቅጥ ሳያት ቤቴ የገባሁ መሰለኝ። ስንት ቃሪያ አለችኝ በጣቷ። በኩራት አምስት አልኩ። የእኛ በርበሬ ደርቆ፣ ተቀምሞ፣ በወጥ በስሎ ይለዝባል። ያ ግን ጥሬ ነው፤ ትንሽዬ ናት፣ ጆሮ ውስጥ ትገባለች። እንባዬ ወረደ፣ ሴትየዋ በነጻ ውሃ ሰጠችኝ። አንድ በቂ ነው። ሶም ታም ውስጥ የዓሣ ፈሳሽና ደረቅ ሽሪምፕ ስለሚገባ፣ አንዳንዴም ሸርጣን፣ አንቺ ሶም ታም ጄ ብለሽ እዘዢ።

ፕራቱናም ራሱ፣ ከማረፊያችሁ አጠገብ፣ ለባለቤትሽ የዶሮ ሩዝ አለ። ጎ አንግ የሚባለው፣ ሠራተኞቹ ሮዝ ሸሚዝ የሚለብሱት፣ ከ1960 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ሰልፉ ያስፈራል፣ ግን ቶሎ ይሄዳል። ይህን ምግብ በሌሎች ቤቶችም ስታዝዙ አንዳንዱ ከዶሮው ጋር የረጋ ደም ቆርጦ ያስቀምጣል። ጉበት መስሎት እንዳይበላው፤ «ማይ አኦ ለዋት» ይበል፣ ደም አልፈልግም። የመጀመሪያውን ቀን ደክሟችሁ መምረጥ ካቃታችሁ ደግሞ አሶክ ጣቢያ ላይ ያለው ተርሚናል 21 ሕንፃ ውስጥ ፒየር 21 የሚባል የምግብ አዳራሽ አለ። ካርድ ላይ ብር ትሞያለሽ፣ ሥዕል እያየሽ ትጠቁሚያለሽ፣ የተረፈው ይመለስልሻል። ዋጋው ከመንገድ ዳር ብዙም አይርቅም።

ጥያቄሽ ውስጥ ባይኖርም፣ ሙስሊም እህቶችና ወንድሞች ያነቡታልና፤ ናና ጣቢያ አጠገብ ሱኩምቪት ሶይ 3/1 የአረብ ሰፈር ነው። የታይን ምግብ ራሱን ከፈለጉ ግን የሐላል ምልክት የሰቀሉ የታይ ሙስሊም ቤቶችን ይፈልጉ። ካኦ ሞክ ጋይ፣ ቢጫ ሩዝ ከዶሮ ጋር፣ ይዘዙ።

ቡና? ሻንጣሽ ውስጥ ትንሽ የተቆላ ቡና ያዢ። ጥሩ ቡና ቤቶች ሞልተዋል፣ ሰሌዳው ላይ ይርጋጨፌና ጉጂ ተጽፎ ታዪዋለሽ። ዋጋውን ስታዪ ግን ለገበሬው ስንት ደረሰው ብለሽ ማሰላሰል ትጀምሪያለሽ፣ ቡናው ይቀዘቅዛል። እኔ እዚያ የምጠጣው የሻይ ቤቶቹን ነው፤ «ዋን ኖይ» ስትያቸው ስኳሩን ይቀንሱልሻል።

ስትመለሱ የቀራችሁን ባት አየር ማረፊያው ላይኛው ፎቅ አትጨርሱት። ሱዋናፑም አንደኛ ፎቅ፣ በር 8 አጠገብ፣ ሠራተኞቹ የሚበሉበት አዳራሽ አለ። ሻንጣችሁን ከማስረከባችሁ በፊት ውረዱ። እኔ ሁልጊዜ የመጨረሻዋን ማንጎ በሩዝ እዚያ እፈልጋለሁ፤ አንዳንድ ቀን አልቆ አገኘዋለሁ፣ ስለዚህ ቀደም በሉ።