ጣሪያዬ ላይ ቀፎ ላስቀምጥ?

ጥያቄ፦ የምኖርበት ሕንፃ ጣሪያ ላይ ሁለት የንብ ቀፎ ላስቀምጥ ነው። ንቦች እየጠፉ ነው ሲባል ዝም ብሎ ማየት ከበደኝ። ጎረቤቴ ግን «ንቦችህ የዱር ንቦችን ያስርቧቸዋል» አለችኝ። ንብ ንብን ይጎዳል እንዴ?

መልስ፦ ጎረቤትዎ እውነቷን ነው።

ንብ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የማር ንብን ነው። በዓለም ላይ ግን ከ20 ሺህ በላይ የንብ ዝርያ አለ። አብዛኞቹ ቀፎም፣ አውራም፣ ማርም የላቸውም። እናቲቱ ብቻዋን ጎጆዋን ትሠራለች፣ ለእጮቿ ስንቅ ታስቀምጣለች፣ በራፉን ዘግታ ትሄዳለች። የማር ንብማ የሚንከባከባት ሰው አላት። እነዚህን የዱር ንቦች ግን ማን ያስታውሳቸዋል?

እኔም ሁለት ቀፎ አለኝ። አንድ ጠዋት ከቀፎዎቹ አጠገብ ቁጭ ብዬ አንዲት ቅጠል ቆራጭ ንብ አየሁ። ከጽጌረዳ ቅጠል በክብ የቆረጠችውን ቁራጭ ሆዷ ሥር አቅፋ የግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ ትገባለች። ወጥታ ሌላ ታመጣለች። ስንቴ እንደተመላለሰች መቁጠር አቃተኝ። በኋላ ወደ አበባው ሄደች። ያረፈችበት ሁሉ ላይ የእኔ ንቦች ቀድመዋታል። ሦስተኛ ቀፎ ልጨምር ነበር፤ ተውኩት።

አንድ ጠንካራ ቀፎ በአበባ ወቅት እስከ 50 ሺህ ንብ ይይዛል። የማር ንብ አበባ ከራቃት ኪሎ ሜትሮችን ትበርራለች። ትንንሾቹ የዱር ንቦች ከጎጇቸው ከጥቂት መቶ ሜትር አይርቁም፤ አጠገባቸው ያለው ካለቀ አለቀ ነው። ተመራማሪዎች እንዳሰሉት አንድ ቀፎ በ3 ወር የሚሰበስበው የአበባ ብናኝ ብቻቸውን የሚኖሩ የዱር ንቦችን 100 ሺህ እጮች ያሳድግ ነበር።

በካናዳዋ ከተማ ሞንትሪያል ውስጥ የቀፎው ቁጥር በ2013 እ.ኤ.አ. ከ250 በታች ነበር፤ በ2020 እ.ኤ.አ. ወደ 3,000 ተጠጋ። ቀፎ በበዛበት ሰፈር የዱር ንብ ዝርያ አንሶ ተገኘ፤ ይበልጥ የተጎዱትም ትንንሾቹ ናቸው። በሽታም አለ፦ ክንፍ የሚያጣምመው ቫይረስ አብረው በሚቀስሙት አበባ በኩል ሊተላለፍ ይችላል።

ስለዚህ መጀመሪያ በአካባቢዎ ስንት ቀፎ እንዳለ ያጣሩ። ከበዛ ይተዉት። ጣሪያው ላይ ተራ በተራ የሚያብቡ የአካባቢው ዕፅዋት ይትከሉ። ግቢው ውስጥ ፀሐይ የሚያገኘው ባዶ አፈር ካለ፣ እባክዎ ሲሚንቶ አያስለብሱት። አብዛኞቹ የንብ ዝርያዎች ጎጇቸው መሬት ውስጥ ነው። ፀረ ተባይም አይርጩ።

የፈለጉት ማር ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው። ያኔም ቢሆን አበባውን ከቀፎው ቀድመው ይትከሉ።