የቤተ መጻሕፍት ሥራ «መጽሐፍ መጠበቅ» ነውን?

ውድ ጠያቂያችን፦

ከኮምቦልቻ በላኩልን ደብዳቤ በኢንፎርሜሽን ሲስተምስ ተመርቀው ሥራ ሲፈልጉ መቆየትዎን፣ በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በወጣ ክፍት የሥራ ቦታ ላይ ለመወዳደር ሲያስቡም ቤተሰብዎ «ዲግሪ የያዝከው መጽሐፍ ለመጠበቅ ነው እንዴ?» ማለታቸውን ገልጸዋል። ስጋታቸው መሠረት የለውም አልልም፤ በብዙ ንባብ ቤቶቻችን ወንበሩን የሚሞላው የራሱን ደብተር ይዞ ለፈተና የሚያጠና ተማሪ ሲሆን፣ ሠራተኛውም መታወቂያ እየተቀበለ መጽሐፍ ከማቀበል ያለፈ አይጠበቅበትም።

ሙያው ግን ይህ አይደለም። አንድ ልጅ «ቦርከና መጨረሻው የት ነው?» ብሎ ቢጠይቅዎ «አዋሽ ይገባል» ብሎ ማሰናበት ይቻላል። ሙያውን የሚያውቅ ሰው ግን አትላስ ዘርግቶ ልጁ ወንዙን በራሱ ጣት እንዲከተል ያደርገዋል፤ ጣቱ አዋሽን ይዞ የአፋርን ቆላ አቋርጦ በጅቡቲ ድንበር ካለው አቤ ሐይቅ ላይ ሲቆም «ታዲያ ባሕር ሳይደርስ ለምን ቀረ?» ማለቱ አይቀርም። የእርስዎ የሥራ ፍሬ ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ነው፤ የመጀመሪያውንማ ስልክም ይመልሰዋል።

ከፈረቃ የወጣች የፋብሪካ ሠራተኛም «የጨርቃ ጨርቅ መጽሐፍ አለ?» ብትል፣ እ.ኤ.አ. በ1876 ለመጀመሪያ ጊዜ በታተመውና መጻሕፍትን በየርዕሰ ጉዳያቸው በቁጥር በሚለየው የዲዊ አመዳደብ መሠረት ወደ 677 መምራት ቀላል ነው። ሁለት ጥያቄ ጨምረው ቢያነጋግሯት ግን የፈለገችው ስለ ማቅለሚያ ሊሆን ይችላል፤ እርሱ ደግሞ 667 ላይ ነው። ሰው የሚፈልገውን በአንድ ጊዜ አይናገርም፤ በተለይ እንዳያፍር የሚፈራ ሰው።

የእርስዎ ትምህርት እዚህ ላይ ይጠቅማል። ኮሃ የተባለው የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌር በነጻ የሚገኝ በመሆኑ በራስዎ ኮምፒዩተር ጭነው ሊለማመዱት ይችላሉ፤ ይህ ችሎታ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ግቢዎች እንዳሉት ወሎ ዩኒቨርሲቲ ባሉ ተቋማትም ተፈላጊ ነው። ደመወዙን በተመለከተ ብዙ አይጠብቁ።

ከማመልከትዎ በፊት ሁለት ሳምንት በንባብ ቤቱ ተገኝተው፣ ኃላፊውን አስፈቅደው፣ ተጠይቀው መልስ ያላገኙ ጉዳዮችን በደብተር ይመዝግቡ። የሰው ጥያቄ ከሰለቸዎት ሌላ ሥራ ይፈልጉ፤ ካልሰለቸዎት ግን ለቃለ መጠይቁ ያንን ደብተር ይዘው ይግቡ።