ቢጫው ዱራንታ ጥላ ውስጥ ለምን አረንጓዴ ይሆናል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ከኮተቤ ነው የምጽፍልዎት። ካቻምና ክረምት መንገድ ዳር ካሉት ችግኝ ሻጮች ቢጫ ዱራንታ ገዛሁና ግማሹን በሩ ጋ ግማሹን ደግሞ ከቤቱ ጀርባ በሰሜን በኩል አቮካዶው አጠገብ ተከልኩት። የበሩ እስካሁን ወርቅ መስሎ ያበራል፣ የጀርባው ግን ቀስ እያለ አረንጓዴ ሆነ፣ ቅርንጫፉም እየረዘመ ሳስቷል፣ አሁን ሁለቱን አንድ ተክል ናቸው ብል ማንም አያምነኝም። አትክልተኛው «ዩሪያ ነው የጎደለው» ይለኛል፣ ጎረቤቴ ደግሞ «ተሸውደሻል፣ ሌላ ዘር ነው የሸጡልሽ» ትላለች። ማንን ልስማ? ነቅዬ ልጣለው ወይስ ተስፋ አለው? ቤቱ ጂ ፕላስ ዋን ነው። ሌላው ደግሞ፣ ትንሹ ልጄ ፍሬውን እየለቀመ ይጫወትበታል፣ ችግር አለው እንዴ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከፍሬው ልጀምር ምክንያቱም እሱ ነው የሚያስቸኩለው። ያቺ ብርቱካንማ ቢጫ ፍሬ መርዝ አላት። ወፎች ይበሏታል ምንም አይሆኑም፣ ልጅና ውሻ ግን ከበሉ ማስመለስ፣ ትኩሳት፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ያመጣል፣ ልጁ ከበላ ደግሞ ቤት ውስጥ መድኃኒት ከመፈለግ ቶሎ ሐኪም ቤት መውሰድ ነው። ደግነቱ ዱራንታ ቶሎ ቶሎ ከተከረከመ አበባም ፍሬም ብዙ አይዝም፣ ስለዚህ አሁን ያለውን ዘለላ በሙሉ ቁረጪና ጣይው፣ ለልጁም አፍ ውስጥ እንደማይገባ ንገሪው።

ወደ ቀለሙ ስንመጣ ሁለቱንም አትስሚ። ጎረቤትሽ ተሳስታለች፣ እንዴት አወቅክ ካልሽኝ እስቲ ሂጂና በሩ ጋ ያለውን ወርቃማውን በእጅሽ ገልጠሽ ውስጡን እዪው። ላይ ላዩ ቢጫ ነው፣ አንድ ስንዝር ወደ ውስጥ ስትገቢ ግን ፀሐይ የማያገኘው ቅጠል እዛው ቅርንጫፍ ላይ አረንጓዴ ሆኖ ታገኚዋለሽ። አንድ ተክል፣ አንድ ቅርንጫፍ፣ ሁለት ቀለም። የጀርባው ተክልሽ ማለት ያ የውስጥ ቅጠል ወደ ውጪ የወጣው ነው በቃ። ቢጫው ዱራንታ ቢጫ የሚሆነው አዲሱ ቅጠሉ ክሎሮፊል ሲያንሰውና በቂ ፀሐይ ሲመታው ነው፣ ብርሃን ሲያጣ ተክሉ ምግብ መሥራት አለበትና ያለችውን ትንሽ ብርሃን ለመያዝ ቅጠሉን በክሎሮፊል ይሞላዋል፣ ቅርንጫፉንም ብርሃን ፍለጋ ያስረዝመዋል። አልታመመም፣ እንዲያውም ብልጥ ሆኗል።

ዩሪያውን ደግሞ ተይው። ዩሪያ ናይትሮጅን ነው፣ ናይትሮጅን ቅጠልን ያረነጉዳል፣ ቅርንጫፉንም የበለጠ ያስረዝመዋል፣ ማለትም ከምትፈልጊው ተቃራኒውን ነው የሚሰጥሽ። በደንብ የበሰበሰ ፍግ ወይ ኮምፖስት በዓመት አንዴ ክረምት መግቢያ ላይ ስሩ ዙሪያ ብትጨምሪለት ይበቃዋል፣ ዱራንታ እንደ ጽጌረዳ ቅምጥል አይደለም።

አሁን ዋናው ነገር ያ ቦታ ስንት ሰዓት ፀሐይ ያገኛል ነው፣ እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነገር አለ። አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ በቀጥታ አናታችን ላይ የምትሆነው በዓመት ሁለቴ ነው፣ ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ እና ወደ ነሐሴ ማብቂያ። በነዚህ ሁለት ጊዜያት መሃል ፀሐይዋ እኩለ ቀን ላይ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፣ የቀረውን ዓመት ደግሞ ወደ ደቡብ። እና ካቻምና ክረምት ስትተክዪ የቤቱ ሰሜን ጎን ደመናው ገለጥ ሲል ፀሐይ ያገኝ ነበር፣ ቦታው ጥሩ ነው ብለሽ ተከልሽ፣ ልክ ነሽ። ግን ደመናው ሄዶ ፀሐይዋ የምትበረታው ከመስከረም በኋላ ነው፣ ያኔ ደግሞ ቤቱ ራሱ ይከልላታል። ቁመቱ 7 ሜትር የሆነ ቤት በታኅሣሥ ቀን 6 ሰዓት አካባቢ ወደ ሰሜን 4 ሜትር ተኩል የሚጠጋ ጥላ ይጥላል። ተክልሽ ከግድግዳው ሜትር ተኩል ሁለት ሜትር ላይ ከሆነ በጋውን ሙሉ ጥላ ውስጥ ነው ያለው፣ ያውም አቮካዶው ሳይቆጠር። ስለዚህ የአትክልት ቦታ ጥላው የሚለካው በታኅሣሥ ነው፣ በሰኔ አይደለም። ታኅሣሥ ላይ ጠዋት 3 ሰዓት፣ ቀን 6 ሰዓት፣ ከሰዓት 9 ሰዓት እየወጣሽ ጥላው የደረሰበት ላይ ድንጋይ አስቀምጪ፣ ወጪ የለውም።

ዱራንታ ቢጫነቱ እንዲጸና ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ቢያገኝ ይመረጣል፣ ለ6 ሰዓት ያህል ካገኘ ጥሩ ነው፣ ለ4 ሰዓት ገደማ ካገኘ ደግሞ ጫፉ ቢጫ ሆዱ አረንጓዴ የሆነ ነገር ይወጣዋል፣ እሱም ለኔ አያስጠላም እንዲያውም ከሙሉ ቢጫው ይልቅ እሱን እመርጣለሁ፣ ያ ሙሉ ቢጫ አጥር አንዳንዴ ዓይን ያደክማል። ከዛ በታች ከሆነ ግን ወርቅ አትጠብቂ።

ምን ላድርግ ካልሽ፣ መጀመሪያ አቮካዶውን ከታች ያሉትን ቅርንጫፎች አስቆርጪና ግንዱን ከፍ አድርጊው፣ የጠዋት ፀሐይ በጎን ትገባለች። ከዛ የሳሱትን ዱራንታዎች ሲሶ ያህል አሳጥሪ፣ ግን ቅጠል የሌለው ደረቅ እንጨት ድረስ አትውረጂ፣ ይህንንም መስከረም ላይ አድርጊው፣ አፈሩ እርጥብ ሆኖ ፀሐይ ስትመለስ ማለት ነው። አዲስ የሚያቆጠቁጠው ቀንበጥ ነው ቢጫው፣ ለዛ ነው የሆቴልና የመንገድ አካፋይ ዱራንታ ሁሌ የሚያበራው፣ በየወሩ በየሁለት ወሩ መቀስ ይነካዋል። ጥላ ያለበትን ግን እንደዛ ቶሎ ቶሎ አትከርክሚው፣ እድገቱ ቀርፋፋ ስለሆነ ያለችውን ቅጠል ጨርሰሽበት ይደክማል። ስትከረክሚ ደግሞ ታቹን ሰፋ ላዩን ጠበብ አድርጊው፣ አትክልተኞቻችን ግን እንደ ሳጥን ቀጥ አድርገው አንዳንዴም ላዩን አስፍተው ይቆርጡታል፣ ታቹ ብርሃን ያጣና ራቁቱን ይቀራል። ጓንት አድርጊ፣ አንዳንዱ እሾህ አለው።

አቮካዶው ስር ያለው ሌላ ችግር ውሃ ነው፣ የአቮካዶ ስር ላይ ላዩን ስለሚሄድ በበጋ እርጥበቱን ይሻማል፣ ስለዚህ ለነሱ ከበሩ ዱራንታ የበለጠ አጠጫቸው። ግን ጉድጓድ ቆፍረሽ ውሃ ሙዪበትና እዪ፣ በማግስቱም ውሃው ካለ አፈርሽ ዋልካ ነው፣ ዱራንታ ደግሞ ስሩ ውሃ ውስጥ ተኝቶ መኖር አይወድም፣ አፈሩን ከፍ አድርገሽ መደብ ላይ ትከዪው። እንዲህ ውሃ የተኛበት ተክልም ቢጫ ይሆናል፣ ግን ያኛው የበሽታ ቢጫ ነው፣ የቅጠሉ ሥጋ ገርጥቶ ደም ሥሮቹ ብቻ አረንጓዴ ሆነው ይቀራሉ፣ ወርቅ መሰለኝ ብለሽ እንዳትደሰቺ።

ይህን ሁሉ አድርገሽ ካልሆነ ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲይዝ ከነአፈሩ አንስተሽ ወደ በሩ አዙሪው፣ አይሞትም። ወይም ከበሩ ላይ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ቅርንጫፍ ቁረጪና የታች ቅጠሉን አራግፈሽ አሸዋ የተቀላቀለበት አፈር ውስጥ ጥላ ላይ አድርጊው፣ እርጥበቱ ካልተለየው በወር በወር ተኩል ሥር ያወጣል፣ ለምን ሁለተኛ ትገዣለሽ።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ እኔ አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ነው ያለሁት። እናቴ አዲስ አበባ ያላት ቢጫ ዱራንታ በጣም ደስ ይለኛል፣ ለፋሲካ ስመጣ ቅርንጫፍ ይዤ ብሄድ የታውንሃውሴ ጀርባ ላይ ይይዝልኛል? ጀርባው ትልልቅ ዛፍ ስላለ ከሰዓት ጥላ ነው።

መልስ፦ ወንድሜ አይሆንም፣ ይቅርብህ። አንደኛ የዕፅዋት ጤና ሰርተፍኬት ከሌለህ ኤርፖርት ላይ ይወስዱብሃል። ሁለተኛ ዱራንታ የመጣው ከሞቃታማው የአሜሪካ ክፍል፣ ከሜክሲኮና ከካሪቢያን አካባቢ ነው፣ ቀለል ያለ ውርጭ ሲመታው ጫፉ ጠቁሮ ከታች ያቆጠቁጣል እንጂ የናንተን ጥር ውጪ አይወጣውም። ሦስተኛው ያው ጥላው ነው፣ ከላይ ለእህታችን ያልኩትን አንብበው።

አንተ ጋ የሚሆነው አውኩባ ነው፣ ነርሰሪ ሄደህ «ጎልድ ደስት» ያለው በላቸው። ትልልቅ የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ ቅጠል ላይ ወርቅ የተረጨ ይመስላል፣ በናንተ የብርድ ክረምትም ቅጠሉን አያረግፍም፣ እስከ ዞን 7 (አሜሪካ ውስጥ አካባቢዎች በክረምት ብርዳቸው የሚከፈሉበት ቁጥር ነው) ብርድ ይችላል፣ የናንተ አካባቢ ደግሞ 7 እና 8 ስለሆነ ይበቃዋል። የዱራንታ ተቃራኒ ነው፣ ጥላ ይወዳል፣ ነጠብጣቡም ጥላ ውስጥ አይጠፋም፣ የከሰዓት ፀሐይ በቀጥታ ከመታው እንዲያውም ቅጠሉ እንደተቃጠለ ይጠቁራል። ወንድና ሴቱ ለየብቻ ነው፣ ቀይ ፍሬ ከፈለግክ ሴቷን ገዝተህ ወንዱን አቅራቢያዋ ትከል፣ አለዚያ ቅጠሉ ብቻውን ይበቃሃል፣ የሱም ፍሬ አይበላም። አውሮፓ ስትገባ በፈረንጅ 1783 ነጠብጣቧ ሴቷ ብቻ ነበረች የተወሰደችው፣ ሮበርት ፎርቹን የሚባለው ዕፅዋት ሰብሳቢ ወንዱን ከጃፓን እስኪያመጣ በ1861 ድረስ እንግሊዞች ፍሬዋን አላዩም።

ዝግ ብሎ ነው የሚያድገው፣ ስለዚህ ብትችል ተለቅ ያለውን ግዛ። በፈረንጅ መስከረም ወይ ኦክቶበር ትከለው፣ ስሩን በደረቀ ቅጠል ሸፍነው፣ የመጀመሪያውን ሰመር ደግሞ ዛፎቹ ውሃውን ስለሚሻሙት በሳምንት አንዴ ጠለቅ አድርገህ አጠጣው።